ስሟ በካርታው ላይ ያልሰፈረ፦ ፍሎረንስ ቤከር በናይል ፏፏቴዎች

በሰሜን ምዕራብ ዩጋንዳ፣ የናይል ወንዝ ወደ አልበርት ሐይቅ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ 7 ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የዐለት ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ 43 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል። ሥፍራው የመርቺሰን ፏፏቴ ይባላል፤ በዙሪያው የተከለለው ብሔራዊ ፓርክም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። የምሥራቅ አፍሪካን የዱር አራዊት ለማየት የሚነሣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የታንዛኒያውን ሰረንጌቲ ወይም የኬንያውን ማሳይ ማራ ነው፤ ፏፏቴ ሲባል ደግሞ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው ቪክቶሪያ ቀድሞ ይታወሳል። በዚህ ምክንያት የዩጋንዳው ፏፏቴ ከድምፁ ግርማ ጋር የማይመጣጠን ጥቂት ጎብኚ ነው ያለው።

ስሙን ለፏፏቴው የሰጠው ሮደሪክ መርቺሰን የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር፤ ሥፍራውን ግን በዓይኑ አላየውም። ሐይቁ የሚጠራበት ልዑል አልበርትም፣ ሐይቁ በስሙ ከመጠራቱ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተ የእንግሊዝ ንግሥት ባል ነበር። ከባሏ ጋር እስከ ፏፏቴው ግርጌ የደረሰችው፣ በወባ እየተንቀጠቀጠች ከታንኳ ላይ ሆና ሽቅብ የተመለከተችው ወጣት ሴት ግን በዚያ ካርታ ላይ ስሟ የለም። ይህች ሴት ፍሎረንስ ቤከር ነበረች።

ፍሎረንስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ በጊዜው በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር በነበረችው በትራንሲልቫኒያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት በ1848 በተቀሰቀሰው የሃንጋሪ አብዮት ወላጆቿን አጣች፤ ከስደተኞች ጋርም ወደ ኦቶማን ግዛት ተሻገረች። ያደገችው በሰው ቤት፣ ለሽያጭ በምትታሰብ ልጅ ሁኔታ ነበር። በ1859 መጀመሪያ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘውና ዛሬ የቡልጋሪያ ከተማ በሆነችው በቪዲን ለጨረታ ቀረበች።

በዚያው ሰሞን ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በቪዲን አለፈ። ሚስቱ የሞተችበት፣ አራት ሴት ልጆች ያሉት፣ በሲሎን ደሴት እርሻ የመሠረተና በአደን የታወቀ ሰው ነበር፤ ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል። ከሕንዳዊው ማሃራጃ ዱሊፕ ሲንግ ጋር ለአደን ጉዞ ወጥቶ ነው እዚያ የደረሰው። ቤከር ልጅቱን ገዛት የሚሉ አሉ፤ የከተማው ገዥ በዋጋ ስለበለጠው ጠባቂዎቹን በጉቦ አታልሎ በሌሊት ይዟት ሸሸ የሚሉም አሉ። ቤከር ራሱ ብዙ ሺህ ገጽ ጽፎ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት መስመር እንኳን አላሰፈረም። ዝምታው የሚያስገርም አይደለም። በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ሚስቱን ከጨረታ ያገኘ ሰው መባል የማይታሰብ ነውር ነበር፤ ነውሩ የበለጠ የሚያርፈውም በሻጩ ወይም በገዢው ላይ ሳይሆን በተሸጠችው ላይ ነው።

ቤከር በጥቁር ባሕር ዳርቻ በሚሠራ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተቀጥሮ ሳለ አብራው ቆየች። ከዚያም በ1861 ሁለቱም ካይሮ ደረሱ። ዓላማው የናይልን ምንጭ መፈለግ ነበር። በዚያን ጊዜ ስፒክና ግራንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን መኮንኖች ከዛንዚባር ተነሥተው ከደቡብ በኩል እየመጡ ስለነበር፣ ቤከር ከሰሜን ሄዶ ሊገናኛቸው አሰበ። ይሁን እንጂ ከዋናው ጉዞ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ለሌላ ነገር ሰጡ፦ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱትን ገባር ወንዞች አንድ በአንድ ለማየትና ዐረብኛ ለመማር።

ቋንቋውን የተማሩት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው አይደለም። ከግመል ነጂ፣ ከምግብ አብሳይ፣ ከመንደር ሽማግሌ፣ ከገበያ ሴቶች አፍ ለቃቅመው ነው። ፍሎረንስ ጀርመንኛ ታውቅ ነበር፤ እንግሊዝኛውም ገና አዲስ ነበር ለእርሷ። በባዕድ አገር በሥራ ላይ ሆኖ ቋንቋ የለመደ ሰው፣ ትእዛዝ ለመስጠትና ለመቀበል የተማረው ቋንቋ ቀስ በቀስ ለመከራከርና ለመማለድም እንደሚያገለግል ያውቃል። የእርሷም እንዲሁ ሆነ።

በሰኔ 1861 ከአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍረው ነበር። ወንዝ ይባል እንጂ በዚያ ወቅት በደረቅ አሸዋ መካከል እዚህም እዚያም የተኙ ኩሬዎች ብቻ ነበሩት። ጉማሬው፣ አዞው፣ ዓሣውና ኤሊው ሁሉ በእነዚያ ኩሬዎች ተፋፍጎ ይኖራል፤ የሜዳ ፍየልና ወፍም ለመጠጣት ወደዚያው ይወርዳል። በ23ኛው ቀን ሌሊት ከሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናብ የለም። በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ዐረቦች ወንዙ እየመጣ ነው እያሉ በጩኸት ዕቃቸውን ይዘው ወደ ዳር ወጡ። ሲነጋ ያ የአሸዋ ሜዳ ወደ 450 ሜትር ስፋትና ከ4 እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ደፍራሽ ወንዝ ሆኖ ይፈስ ነበር። ዝናቡ የጣለው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው፤ እዚያ የደረሰው ውኃውና አፈሩ ብቻ ነበር።

ቤከር ከዚያች ሌሊት በኋላ በመጽሐፉ ያስረዳው ነገር እስከ ዛሬ ጸንቷል። ናይልን ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ የሚያቆየው ከምድር ወገብ ሐይቆች የሚመጣው ውኃ ነው፤ ግብፅን በየዓመቱ ያጥለቀልቅ የነበረውን ሙላትና ለም አፈር የሚያመጡት ግን የኢትዮጵያ ወንዞች፣ ማለትም ዓባይና አትባራ ናቸው። ለኢትዮጵያ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ አፈሩ ሲሄድ የሚያየው እርሱ ነውና።

የዝናቡን ወራት ሶፊ በምትባል መንደር አሳለፉ። ቤከር የሣር ጎጆ የገዛው በ10 ቅርሽ ነበር፤ ሻጮቹም ጣራውን እንዳለ በራሳቸው ተሸክመው እርሱ ወደመረጠው ቦታ አመጡለት። ፍሎረንስ ቤቱን ታሰናዳለች፣ ለሁለቱም በዱር የሚበረክት ልብስ ትሰፋለች፣ የታመመ ታስታምማለች። ዝናቡ ሲያቆም፣ ተከዜ በታችኛው ተፋሰሱ ወደሚጠራበት ወደ ሰቲት ወንዝ ተጓዙ። እዚያም ዝሆንን በጎራዴ ከሚያድኑት ከሐምራን ዐረቦች ጋር ወራት አሳለፉ። አንደኛው ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት እየሮጠ ያናድደዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ በመውረድ የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጣል። ከእነርሱ መካከል ስሙ የገነነው ሮዱር አንድ እጁ በአደን ጉዳት የሰለለ ሰው ነበር።

ቤከር ራሱ ብዙ ዝሆን፣ አውራሪስና ጉማሬ ገድሏል፤ በመጽሐፉም በኩራት ቆጥሮታል። የዛሬ አንባቢ እነዚያን ገጾች በደስታ አያነባቸውም። ሆኖም አራዊቱ ያኔ የት የት ይገኙ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ያን ያህል ዝርዝር መዝገብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ያ የተከዜ ዳርቻ ዛሬ የቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ያለበት አካባቢ ነው። በኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በኤርትራ ድንበር የሚገኘው ይህ ፓርክ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ቢሆንም፣ ወንዙን ተከትለው ድንበር የሚሻገሩ ዝሆኖች ዛሬም መኖሪያቸው ነው። አውራሪሱ ግን ከዚያ ከጠፋ ቆይቷል።

ሁለቱ ተጓዦች ከሰቲት ተነሥተው፣ የሸንዲው መክ ኒምር ልጅ በድንበሩ ላይ በያዘው ግዛት አልፈው፣ ገላባት ደረሱ፤ ይህም የዛሬዋ መተማ ፊት ለፊት ያለው ገበያ ነው። በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከገላባት የራሃድንና የዲንደርን ወንዞች እያዩ ወደ ካርቱም ወረዱ። በዲንደር ወንዝ አካባቢ ሱዳን በ1935 ሰፊ ብሔራዊ ፓርክ ከልላለች፤ ከድንበሩ ወዲህ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2006 የአላጢሽን ፓርክ መሥርታለች። ሁለቱ ፓርኮች ተጎራባች ናቸው። ሳፋሪ የሚለው የስዋሂሊ ቃል ጉዞ ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ በአማርኛ ሰፈር የሚለው መሰል ድምፅ ያለው ቃል ደግሞ ጉዞው የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክታል። በዚያ የድንበር ምድር ሁለቱም ቃላት በአንድ ካራቫን ውስጥ ይሰሙ ነበር።

በሰኔ 1862 ካርቱም ገቡ። ከተማይቱ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ማዕከል ነበረች። እዚያ ሳዓት የሚባል፣ ከአገሩ ተፈንግሎ የተሸጠ፣ በኋላም ከተጠለለበት የሚስዮን ቤት የተባረረ ልጅ ወደ ፍሎረንስ መጥቶ እንድትቀበለው ለመነ። ተቀበለችው፤ ልብስ ሰፋችለት፤ እርሱም ከዚያ በኋላ ከአጠገቧ አልተለየም። በቤከር ጽሑፍ ውስጥ ያለ ንቀት የተሣለ አፍሪካዊ ብዙ የለም፤ ሳዓት ግን ከእነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1862 በሦስት ጀልባና በ96 ሰው ተነሥተው በነጭ ዓባይ ሽቅብ ተጓዙ። በየካቲት 1863 ጎንዶኮሮ ላይ ስፒክና ግራንት ተበጣጥሰውና ከስተው ከደቡብ ደረሱ። ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚወጣ አይተዋል። ቤከር የሚፈልገው የተፈጸመ መሰለው፤ ስፒክ ግን ያልደረሱበት አንድ ሐይቅ በምዕራብ በኩል እንዳለና ወንዙም በዚያ እንደሚያልፍ ነግሮ በእጁ የሠራውን ካርታ ሰጠው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የሚያሳፍርም የሚያሳዝንም ገጽታ አለው። የቤከር ሰዎች ዐመፁ፤ አብዛኞቹም ጥለውት ሄዱ። መንገዱን የያዙት ባሪያ ፈንጋዮች ነበሩ፤ ነጋዴዎቹም ምሥጢራቸው እንዳይወጣ እንግሊዛዊውን አይፈልጉትም። አንድ ቀን የኢብራሂም ካራቫን በጠባብ መተላለፊያ ላይ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ ሲያልፍ፣ ቤከር በኩራት ዝም አለ። ፍሎረንስ ግን ሰውየውን እንዲጠራው ባሏን ለመነችው፤ ራሷም በዐረብኛ አነጋገረችው። ጠላት ከመሆን ወዳጅ መሆን የሚጠቅመው መሆኑን ሁለቱ አስረዱት፤ ስጦታም ተጨመረበት። ኢብራሂም ተስማማ። ከዚያ ጀምሮ የተጓዙት በእርሱ ካራቫን ጥላ ሥር ነው። በሌላ አነጋገር፣ በልጅነቷ ለሽያጭ የቀረበችው ሴት ሕይወቷን ያተረፈችው ከባሪያ ነጋዴዎች ጋር በመጓዝ ነበር። ቤከር ለዚህ ምክንያት ይደረድራል፤ ያለ እነርሱ በሕይወት እንደማይቆዩ እውነት ቢሆንም፣ ካራቫኑ ያለፈባቸው መንደሮች የከፈሉትን ዋጋ ያ ምክንያት አያስቀረውም።

ፈረሶቻቸው፣ ግመሎቻቸውና አህዮቻቸው ሁሉ አለቁ፤ በበሬ ተቀመጡ። የወባ መድኃኒታቸው ኪኒንም አለቀ። በአማርኛ ለማንኛውም እንክብል መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው ይህ ስም በዚያ ዘመን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነበር። በጥር 1864 ናይል በዐለት ደረጃዎች ላይ እየተንከባለለ ወደሚወርድበት ወደ ካሩማ ደረሱ። ካሩማ ዛሬም የመርቺሰን ፓርክ ምሥራቃዊ በር ነው፤ 600 ሜጋዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብም ተሠርቶበታል። ከወንዙ ማዶ የቡንዮሮ መንግሥት ነበር።

ንጉሡ ካምራሲ እንግዶቹን ለብዙ ቀናት አስጠበቃቸው። ስጦታ በስጦታ ላይ ጠየቀ። በመጨረሻ ወደ ሐይቁ መንገድ መሪ እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ፣ ፍሎረንስ ግን እርሱ ዘንድ እንድትቀር ጠየቀ፤ በምትኳ ለቤከር ሌላ ሚስት እንደሚሰጠው ገለጸ። ቤከር ሽጉጡን መዝዞ ወደ ደረቱ አነጣጠረ። የፍሎረንስን ልብ ያቆሰለው ነገር ግን ባሏ ከሚያውቀው በላይ ጥልቅ ሳይሆን አይቀርም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ለዋጋ ቀርባለችና። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሰውየውን በዐረብኛ ወቀሰችው። እርሱ አንዲት ቃል አልገባውም። አስተርጓሚዋ ባቺታ ግን በአጠገቡ ነበረች። ባቺታ ራሷ የቡንዮሮ ተወላጅ ስትሆን፣ በባርነት ካርቱም ተወስዳ ዐረብኛ የተማረች ሴት ናት። ንግግሩን በአገሯ ቋንቋ በዚያው ቁጣ መለሰችለት፤ የራሷንም ሳትጨምርበት አልቀረችም። አንዲት የተሸጠች ሴት የተናገረችውን ሌላ የተሸጠች ሴት ተረጎመችው። ሰውየው አገሩ እንግዳን በዚህ መንገድ ማክበር ልማዱ መሆኑን አስረድቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ መንገዱም ተከፈተ። በኋላ እንደታወቀ ያ ሰው ንጉሡ ሳይሆን ንጉሥ መስሎ የቀረበ ወንድሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወዲያው የካፉን ወንዝ መሻገር ነበረባቸው። ወንዙ በተንሳፋፊ ደንገልና ሣር ተሸፍኖ ነበር፤ እግረኛው በፍጥነት ካልተራመደ ወለሉ ይከዳዋል። ቤከር መካከል ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ሲመለከት ሚስቱ ፊቷ ጠቁሮ ቀስ በቀስ ወደ ሣሩ ውስጥ ስትሰጥም አየ። ፀሐይ መታታ ነበር። ጎትተው አወጧት። በቃሬዛ ላይ ተሸክመው ለቀናት ተጓዙ፤ አታይም፣ አትሰማም፤ ስትነቃም አእምሮዋ ስቶ ነበር። መቆም አይቻልም፣ ምግብ የለምና። አንድ ምሽት ሰዎቹ ለመቃብር መቆፈሪያ አዲስ እጀታ አበጁለት፤ የሚቆፍሩበትንም ቦታ ፈለጉ። ቤከር ከብዙ ቀን እንቅልፍ ማጣት በኋላ ራሱን ስቶ ተኛ። ጠዋት ሲነቃ ፍሎረንስ ዐይኖቿን ገልጣ ነበር፤ አእምሮዋም ተመልሶላታል።

በመጋቢት 14፣ 1864 ከገደል አፋፍ ላይ ሆነው ሐይቁን አዩ። ቤከር ያን ቀን በሕዝቡ ሁሉ ፊት በእልልታ ሊያከብረው ለዓመታት አስቦ ነበር፤ ሲደርስ ግን አልቻለም፤ ዝም ብሎ አምላኩን አመሰገነ። ገደሉ ለበሬ ስለማይመች ፍሎረንስ በባሏ ትከሻ ተደግፋ፣ በየሃያ እርምጃው እያረፈች፣ ሁለት ሰዓት ያህል ወርዳ ውኃው ዳር ደረሰች።

ከቫኮቪያ መንደር፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈሉ ታንኳዎች ወደ ሰሜን ተነሡ። ለ13 ቀናት የሐይቁን ዳር ይዘው ቀዘፉ፤ ማዕበልም ሊያሰጥማቸው ነበር። ማጉንጎ በሚባለው ቦታ አንድ ሰፊና ጸጥ ያለ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ አገኙ። ካሩማ ላይ ያዩት እየፎከረ የሚወርድ ናይል ይህ ነው ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነበር። ጥያቄውን ለመፍታት ወንዙን ተከትለው ወደ ምሥራቅ፣ ሽቅብ መቅዘፍ ነበረባቸው። ሁለቱም በወባ ተይዘው ታንኳው ውስጥ ተጋድመው ነበር የሚጓዙት።

ወንዙ እየጠበበ፣ የግራና የቀኙ ገደል እየጨመረ ሄደ። በአንድ የአሸዋ ደለል ላይ ብቻ ቤከር 27 አዞ ቆጠረ። የውኃ ጩኸት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማ ጀመር። አንድ መታጠፊያ ሲያልፉ በደን በተሸፈኑ ገደሎች መካከል ነጭ ውኃ ከዐለት ስንጥቅ ዘሎ ሲወድቅ አዩ። ቀዛፊዎቹ ከዚያ ወዲያ አንሄድም አሉ። ታንኳው በሸምበቆው ዳር ቆሞ ሳለ ከሥሩ አንድ ጉማሬ በድንገት ብድግ አድርጎት ሊገለብጠው ደረሰ። ቤከር ፏፏቴውን ንድፍ አድርጎ ሣለው፤ ስሙንም ለመርቺሰን ሰጠ። የወንዙ እንቆቅልሽ ተፈታ፦ ከካሩማ የወረደው ውኃ በዚህ ሥፍራ ቁጣውን ሁሉ አራግፎ፣ ከዚህ ወዲያ በጸጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ዛሬ ጎብኚው ያንኑ መንገድ በግማሽ ቀን ይሄድበታል። ጀልባው የሚነሣው ፓራ ከሚባለው ቦታ ነው፤ ስሙ በአካባቢው ቋንቋ የጉማሬ ቤት ማለት ነው። ስሙ አልዋሸም። ጉማሬዎቹ በመንጋ፣ አዞዎቹ በአሸዋው ላይ፣ ዝሆንና ጎሽ በዳርቻው ይታያሉ፤ ታች በሐይቁ መግቢያ ባለው የደንገል ረግረግ ምንቃሩ ጫማ የሚመስለው ግዙፍ ወፍ ይኖራል። ጀልባው ከፏፏቴው ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ እንደ ቤከር ቀዛፊዎች የዛሬዎቹም ከዚያ አያልፉም። ከዚያ በእግር ወደ አፋፉ የሚወጣ ዳገት አለ፤ መሬቱ ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፤ ልብስም በውኃው ጉም ይርሳል።

ፓርኩ በሰነድ የተቋቋመው በ1952 ነው፤ ስፋቱ ከ3,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከዩጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ትልቁ ነው። ሰው የማይኖርበት ምድር የሆነው ግን በተፈጥሮው አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእንቅልፍ በሽታ ነዋሪውን ስለፈጀ የእንግሊዝ አስተዳደር የተረፈውን ከዚያ አስነሣ፤ ባዶውን ምድር አራዊቱ ያዙት። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ጦርነት ደግሞ ዝሆኖቹ በጥይት አለቁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ቁጥራቸው እያገገመ ነው። አሁን ከፓርኩ ሥር ነዳጅ ተገኝቶ ቁፋሮ ተጀምሯል።

በ1962 ታላቅ ሙላት ሆነና ውኃው ከዋናው ፏፏቴ በስተሰሜን ሁለተኛ መውረጃ ከፈተ። ዩጋንዳ ከእንግሊዝ አገዛዝ የወጣችው በዚያው ዓመት ስለሆነ አዲሱ ፏፏቴ ኡሁሩ ተባለ፤ ነጻነት ማለት ነው። ቃሉ ስዋሂሊ ሲሆን ሥሩ ሑር ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ሑር ማለት ደግሞ ባሪያ ያልሆነ ሰው ማለት ነው።

ከፏፏቴው በኋላ መከራው አላበቃም። ቀዛፊዎቹና ተሸካሚዎቹ በጦርነት ምክንያት ትተዋቸው ሸሹ። ሁለት ወር ያህል በሻገተ ዱቄትና በዱር ቅጠል ኖሩ፤ ሁለቱም እዚያው እንደሚሞቱ ወስነው ነበር። የካምራሲ ሰዎች በመጨረሻ ወስደው አተረፏቸው። ፍሎረንስ በሰፈሩ ጠጉሯን ለማበጠር ስትቀመጥ ረጅሙን ወርቃማ ጠጉር ለማየት መንደሩ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ወደ ሰሜን ሲመለሱ በጀልባቸው ላይ ወረርሽኝ ገባ፤ ሳዓትም ካርቱም ሳይደርስ ሞተ። በወንዙ ዳር ከዛፍ ሥር ቀበሩት።

በኅዳር 1865 ለንደን ውስጥ ያለ ድግስ በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ቤከር የጂኦግራፊ ማኅበሩን የወርቅ ሜዳሊያና የሰር ማዕረግ ተቀበለ፤ እርሷም ሌዲ ቤከር ተባለች። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ከጋብቻ በፊት አብረው መኖራቸውን ስለሰማች በቤተ መንግሥቷ ልትቀበላት አልፈቀደችም። ሐይቁ የንግሥቲቱን ባል ስም ተሸክሟል፤ ወደ ሐይቁ በቃሬዛ የተጓዘችው ሴት ግን በሩን አላለፈችም።

በ1869 የግብፁ ኬዲቭ ኢስማዒል ቤከርን በዓመት 10,000 ፓውንድ ደመወዝ የላይኛው ናይል አገረ ገዥ አድርጎ ሾመው፤ ትእዛዙም የባሪያ ንግዱን ማጥፋትና ግዛቱን ለግብፅ ማጠቃለል ነበር። ፍሎረንስ ዳግመኛ አብራው ወጣች። ከተያዙ የባሪያ ጀልባዎች የሚወጡ ሴቶችና ሕፃናት ወደ እርሷ ይመጡ ነበር፤ ልብስ ታድላቸዋለች፣ አብረዋት የቀሩትንም ስፌትና የቤት ሥራ ታስተምራለች። ለሽያጭ መቆም ምን እንደሆነ ከራሷ ሕይወት ታውቅ ነበር፤ ስለራሷ ግን አላወራችም። የአቾሊ ሰዎች የጨረቃ ልጅ የሚል ስም አወጡላት።

ዘመቻው ግን ነጻ ማውጣት ብቻ አልነበረም። በ1872 ቤከር በማሲንዲ የግብፅን ባንዲራ ሰቅሎ ቡንዮሮን የኬዲቩ ግዛት ነው ሲል ዐወጀ። የካምራሲ ልጅ ወጣቱ ንጉሥ ካባሌጋ ይህን አልተቀበለም። ለወታደሮቹ የተላከው የሙዝ ጠጅ መርዝ ነበረበት፤ ጦርነቱም ተከተለ። ቤከር ከተማይቱን አቃጥሎ ሸሸ። ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ሣር ውስጥ ጦር ከየአቅጣጫው እየተወረወረ ለቀናት ሲያፈገፍጉ ፍሎረንስ ጥይትና ሽጉጥ ተሸክማ በእግሯ ተጓዘች። ካባሌጋ በኋላ እንግሊዞችን ለዓመታት ተዋግቶ በ1899 ተማረከ፤ ወደ ሲሼልስም ተጋዘ። በኢዲ አሚን ዘመን የመርቺሰን ፏፏቴ በእርሱ ስም ተጠርቶ ነበር። በጉሉ አቅራቢያ በፓቲኮ ዐለቶች ላይ፣ አስቀድሞ የባሪያ ነጋዴዎች ሰፈር የነበረው የቤከር ምሽግ ፍርስራሽ ዛሬም ይጎበኛል።

በ1873 ከአፍሪካ ወጡ፤ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ በዴቨን ሰፊ ቤት ገዝተው ኖሩ። የባሏ አራት ሴት ልጆች እናታቸው አድርገው ወደዷት። ከአሥር ዓመት በኋላ የሱዳን ጉዳይ ሲነሣ ቤከር ወደ ካርቱም እንዲመለስ ሐሳብ ቀረበለት፤ ፍሎረንስ ያለ እርሷ እንደማይሄድ ቃል የገባላት መሆኑን አስታወሰችው፤ እርሷ ደግሞ ወደ አፍሪካ መመለስ አልፈለገችም። እርሱም ቀረ። በምትኩ የሄደው ጄኔራል ጎርደን በ1885 ካርቱም ላይ ተገደለ።

ሳሙኤል ቤከር በታኅሣሥ 1893 ሞተ። ፍሎረንስ በዚያው ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ብቻዋን ኖራ በመጋቢት 1916 ዐረፈች። ባሏ ስለ አፍሪካ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል፤ እርሷ በሕይወት ሳለች ያሳተመችው አንድም የለም። በሁለተኛው ጉዞ ወቅት በእጇ የያዘችው ማስታወሻ ከቤተሰቡ ወረቀቶች መካከል ተገኝቶ የታተመው ከሞተች ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው።